የላንድሮቨሬ ነዳጅና ሙቀት ጌጅ አብረው ይወጣሉ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ። ሱሉልታ ነኝ። ከአባቴ የቀረልኝ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ቤንዚን አስቸግሮኛል። ቁልፉ ሲከፈት ሁለቱም ጌጆች ቀስ እያሉ ይወጡና ጫፍ ላይ ይቀራሉ። ታንኩ ግን ግማሽ እንኳ የለውም፤ ሞተሩም ቀዝቃዛ ነው።

የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ስነቅለው መርፌው ይወርዳል። የታንኩም እንዲሁ። ስለዚህ ሽቦው ከቦዲ አልተነካካም። የምጠረጥረው ከዳሽቦርዱ ጀርባ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 10 ቀንሶ ሁለቱን የሚመግበውን ስታቢላይዘር ነው። በቴስተር ስለካው 12 ላይ ቀጥ ይላል፤ ደህና ቢሆን እየበራ እየጠፋ መዝለል ነበረበት። ማሳውን (ኔጌቲቩን) ከቦዲው የሚያገኝበት ብሎን ዝጎ፣ ዙሪያው ቀለም ተላጦ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ሳስረው መርፌዎቹ ወረዱ፤ ኮሮኮንች ላይ ስገባ ግን ተመልሰው ወጡ።

አንድ ኤሌትሪሺያን ሙሉ ሽቦው ይቀየር አለኝ። ለሁለት ጌጅ ብሎ ደህና ሽቦ መበጣጠስ አንጀቴ አልቻለም።

ከባትሪው ኔጌቲቭ ቀጥታ የማሳ ሽቦ ብስብለት ይበቃል? ወይስ ስታቢላይዘሩ ራሱ ይቀየር? በኤሌክትሮኒክ ባለ 10 ቮልት የተካ ሰው ካለ፣ ሙቀቱን እንዴት ቻለው? ሶማሌ ተራ ይገኛልስ? የሙቀት ጌጁን ሳላምን የእንጦጦን ዳገት መውጣት ፈርቻለሁ፤ መኪናዋ ግቢ ቆማለች።