የዲኤክስ መኪናዬ ማሞቂያ መንፋት አቆመ፣ ሌሊት አዲስ አበባ መንገድ አለብኝ

ጠያቂው፦ ወገኖቼ ድረሱልኝ። የማሞቂያው ሞተር ተቃጥሎ ምንም አይነፋም። ጅማ ከሰዓት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፣ መስታወቱ ከውስጥ ታፍኖ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ የደረስኩት በጨርቅ እየጠረግኩ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት እናቴን ለሕክምና ቀጠሮ ይዤ እወጣለሁ። ሞተሩን ጅማ ላይ የት አገኛለሁ?

የቆጪ ልጅ፦ ፊውዙን አይተሃል?

የድሮ ሾፌር፦ ልጄ፣ መስታወት የሚያፍነው ትንፋሽና እርጥብ ልብስ ነው። ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። የረጠበ ምንጣፍ መኪና ውስጥ አታሳድር፣ ጃኬታችሁንም ኋላ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። እኛ ግቤን በጉም ስንወርድ ማሞቂያ የሚባል አልነበረንም፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ከፈት አድርገን ነበር የምንነዳው።

ሰርቦ፦ ጋሼ፣ የታመሙ እናት ይዞ በሌሊት ብርድ መስኮት ይክፈት?

የአጋሮ መንገደኛ፦ ለዛሬ ሌሊት እንዲሆንህ ደረቅ ሳሙና በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ በስሱ ቀባና እስኪጠራ በደረቅ ጨርቅ ፈትገው። ለሰዓታት አያፍንም።

የቆጪ ልጅ፦ ፊውዝ! መጀመሪያ ፊውዝ።

ባለ ቴስተር፦ ሞተሩ መቃጠሉን በምን አወቅህ? ዝም ስላለ ብቻ ከሆነ ገና አላወቅክም። ከመቆሙ በፊት እንዴት ነበር?

ጠያቂው፦ ፊውዙ ተበጥሷል። ባለፈው ሳምንትም ተበጥሶ በ30 አምፔር ቀይሬው ነበር፣ እሱም ሄደ። ከአምናው ክረምት ጀምሮ ደግሞ በትልቁ ፍጥነት ብቻ ነበር የሚነፋው።

ባለ ቴስተር፦ ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነበር። በትልቁ ብቻ መንፋቱ ሬዚስተሩ (ከረንቱን ቀንሶ ትንንሾቹን ፍጥነቶች የሚሰጠው ዕቃ) መበጠሱን ያሳያል፤ ትልቁ ፍጥነት ሬዚስተሩን ሳይነካ ነው የሚያልፈው። ፊውዙን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ቆሻሻ ገብቶበት ወይም ቅባቱ ደርቆ ሲከብደው ብዙ ከረንት ይስባል፣ ያ ከረንት ሬዚስተሩንም ፊውዙንም ይጨርሳል። ሬዚስተር ብቻ ብትቀይር በወሩ ትመለሳለህ።

ሞተሩ ከተሳፋሪው እግር በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። ሶኬቱን ንቀልና ክንፉን በጣትህ አዙረው። ከያዘህ አውርደህ አጽዳው፣ ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ቁርጥራጮች) አልቀው እንደሆነም እይ። እንደ ልቡ ከዞረ፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ ትክክለኛውን ፊውዝ ስካ፣ ቁልፍ ክፈት፣ ትልቁ ፍጥነት ላይ አድርግ። ሞተሩ ተነቅሎም ፊውዙ ከተበጠሰ ገመዱ ሾርት አለው። ካልተበጠሰ የፍሬቻ አምፖል በሶኬቱ ሁለት ገመዶች ላይ ያዝ። ከበራ ችግሩ ሞተሩ ነው። ካልበራ አንዱን ጫፍ ወደ ቦዲው ውሰደው፤ አሁን ከበራ የጠፋው ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለሻው) ነው። በብዙ ቶዮታ ማሳው በማብሪያው በኩል ስለሚመጣ ማብሪያውን ፈትሽ።

ሁለተኛ 30 እንዳታስገባ። ፊውዙ ገመዱን ጠባቂ ነው፣ ልኩ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል።

ሰርቦ፦ እኔ በካቻቢቴ እጀታ ሞተሩን ቀስ አድርጌ ስመታው ይነሳልኝ ነበር።

ባለ ቴስተር፦ ያ ካርቦን ሲያልቅ ነው። ይነሳል፣ መንገድ ላይ ይቆማል።

ጠያቂው፦ አዞርኩት፤ ግማሽ ዙር ሄዶ ይይዛል። ደረቅ ቅጠል ሞልቶታል! ሁልጊዜ የማቆመው ዛፍ ሥር ነው። ልፈታው ነው።

የድሮ ሾፌር፦ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት ነው የሚገባው። ሲነጋ እሱንም አጽዳ።

ባለ ቴስተር፦ ሳትገጥም ሶኬቱን በባትሪ መብራት እይልኝ። በ30 ፊውዝ ሳምንት ሙሉ ነድተሃል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ገመዱ ደርቆ ከሆነ አትሰካው፣ በሳሙናው ውጣ።

የቆጪ ልጅ፦ ቤት ውስጥ 15ም 20ም ፊውዝ አለኝ። የት ሰፈር ነህ? በሞተር ሳይክል አደርስልሃለሁ።

የቆጪ ልጅ፦ 5 ሰዓት ሆነ። ሶኬቱ እንዴት ነው?