ቆጠራ ሳይኖር ለማን ነው የሚታቀደው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 73.7 ሚሊዮን ነበርን። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ፓርላማው እንደገና ሲያራዝመው ታብሌቱ ሁሉ ተገዝቶ ነበር። ጥያቄው፦ ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለአዛውንት የሚወጣ ፖሊሲ ቆጠራውን ይጠብቅ ወይስ ባለው ጥናት ይቀጥል? የብሔር ንትርክ ካመጣችሁ ጽሑፋችሁን አጠፋዋለሁ።

ነርሷ፦ ይቀጥል እንጂ! ሕፃን ቆጠራ አይጠብቅም። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ወደ 38 በመቶ ወረደ። ይህን ያወቅነው አገር ምድሩን ቆጥረን አይደለም፤ የ2008ቱ ጥናት 16 ሺህ ምናምን ቤት ነው ያንኳኳው። መቀንጨርን ለማጥፋት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በ2007 ሲታወጅ ማንም ቆጠራ አልጠበቀም።

ቁጥር ወዳድ፦ እህቴ፣ 38 በመቶ የስንት? የተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2015 ወደ 128 ሚሊዮን ያደርሰናል። የራሳችን ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ 107 ሚሊዮን አካባቢ ነው። መሃል ላይ 20 ሚሊዮን ሰው አለ ወይም የለም! ናሙና ከመቶ ስንቱ እንደሆነ ይነግርሻል፤ በጠቅላላው ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ አይነግርሽም። ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው አልሚ ምግብ፣ ፕላምፒ ነት፣ ደግሞ በመቶኛ አይጫንም፣ በካርቶን ነው። ለመሆኑ የ2008ቱ ጥናት ናሙናውን የመረጠው ከምን ዝርዝር ይመስልሻል? ከ1999ኙ ቆጠራ ነው።

የወረዳው ሰው፦ እኔ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እቅድ ላይ ሠርቻለሁ። አሠራሩን ልንገራችሁ። ከላይ የወረዳው ሕዝብ ትንበያ ይመጣል። እሱ በማባዣ ይባዛል፤ ከአንድ ዓመት በታች ይህን ያህል፣ ነፍሰ ጡር ይህን ያህል ይወጣል። ከዚያ ለየጤና ኬላው ኮታ ይከፋፈላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ግን ቤት ለቤት ዞራ፣ በቤተሰብ ፎልደር (በየቤቱ የጤና መዝገብ) መዝግባ የያዘቻቸው ሕፃናት አሏት። የእሷ ልጆች ከኮታው ሲያንሱ «ለምን እቅድ አልመታሽም?» ትባላለች። ሲበልጡ ደግሞ የክትባት ሽፋኗ ከ100 በመቶ በላይ ይወጣና ግምገማ ላይ ይጨበጨብላታል። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው።

ሥራ ፈላጊ፦ 😂 እውነት ነው። ቆይ ግን ወጣትስ ማን ነው? በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። እኔ 31 ነኝ። አዲስ አበባ ስሆን አልፎብኛል፣ አፍሪካ ኅብረት በር ላይ ስቆም ወጣት ነኝ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ሥራ ያጣው ወጣት በየቀበሌው ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮ ነበር? እኛ ሰፈር አምስት ሆነው የተደራጁ ልጆች ብድሩን ሲያገኙ ሁለቱ ዓረብ አገር ሄደው ነበር። ስማቸው ግን ዝርዝሩ ላይ አለ።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኛ ደግሞ በማነሳችን ተረስተናል። በ1999 ቆጠራ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 3 በመቶ ገደማ ነው። ስብሰባ ላይ «አገሩ የወጣት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከ100 ሚሊዮን 3 በመቶ እኮ ሦስት ሚሊዮን ሽማግሌና አሮጊት ነው። ጡረታ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የገባው ገና በ2003 ነው። ገበሬው የለውም። ጉልት ቸርቻሪዋ የላትም። ከተማ ላይ ሴፍቲኔት የሚባለው፣ መሥራት ለማይችል ድሃ ገንዘብ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ መጣ፤ እሱንም የሚያገኘው የቀጠና ኮሚቴ የሚያውቀው ነው።

ሥራ ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአገራችን ሰው በአማካይ የሚኖረው ዕድሜ ከ65 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ጡረታ በ60 ይወጣል። ለጥቂት ዓመት ያን ያህል ፈንድ ለምን ይታሰራል?

ቁጥር ወዳድ፦ ይሄ ስሌት በየስብሰባው ይደመጣል፣ ግን አይሠራም። ያ አማካይ በሕፃንነታቸው የሞቱትንም ይዞ ነው። 60 የደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጣው ለዚያ ነው። የጡረታ ፈንድ በአምስት ዓመት ሂሳብ ቢሠራ ዓይናችን እያየ ይከስራል።

መምህሩ፦ በ1999 ቆጣሪ ነበርኩ። ዕድሜ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ብዙ ታወራላችሁ። «አባቴ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?» ትላለህ። «ጣሊያን ሲወጣ ከብት እጠብቅ ነበር» ይሉሃል። አንተ ታሰላለህ። ልጃቸው ከጓዳ «70 በለው» ይላል። 70 ትጽፋለህ። ጎረቤትም 70፣ ቀጣዩም 60። 67 የሚባል ሰው ገጠር ውስጥ የለም! ሁሉም ዜሮና አምስት ላይ ይከመራል። የጡረታና የአዛውንት ፖሊሲ በዚህ ላይ ይቆማል። ሌላው ደግሞ፣ አወያይ አትቆጣኝ፣ የ1999ኙ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ፓርላማ ድረስ አከራክሯል። የፌዴራል ድጎማ ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት እየታየ ነው። ቁጥር ገንዘብ በሆነበት አገር ነገ ቢቆጠርስ ማን ያምነዋል? ያውም መንገድ ተዘግቶ ቆጣሪ በማይገባበት ወረዳ?

አወያይ፦ በጨዋ ደንብ ስላነሳኸው ይለፍ።

ቁጥር ወዳድ፦ ማመን የሚመጣው በግልጽ ሲሠራ ነው። የየቀበሌው ውጤት ይለጠፍ። ከቆጠራው በኋላ በሌሎች ሰዎች ናሙና ተወስዶ ይፈተሽ፤ ልዩነቱም ሳይደበቅ ይነገር። ያልተገባበት ወረዳ «አልተቆጠረም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ።

ነርሷ፦ እኔ እኮ ቆጠራ አያስፈልግም አላልኩም። ያለውንስ ቁጥር ማን ተጠቀመበት? በ2008ቱ ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ነው። አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2። አንዱ ጋ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሌላው ጋ ዳስ ውስጥ የሚማረው ይበዛል። እቅዱ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፣ 4.6ን ይዞ። ይህን ለማረም ቆጣሪ ማሰማራት አያስፈልግም፣ ሪፖርቱን መግለጥ ይበቃል።

የወረዳው ሰው፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ሪፖርቱ ቢሮ ውስጥ ነበር፣ ከነላስቲኩ።

ሥራ ፈላጊ፦ አሁን ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ አይደል? ዕድሜም አሻራም ይዟል። ለምን በዚያ አይቆጠርም?

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ፋይዳ የመጣውን ይመዘግባል፣ ቆጠራ ያልመጣውን ፈልጎ ይሄዳል። ደግሞ ስንቱ ሰው መስከረም 1 እንደተወለደ አስመዝግቦ ይሆን? በ2008ቱ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ነበር። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ) ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። እሱ ቢጠናከር ከ20 ዓመት በኋላ የወጣቱን ዕድሜ ማንም አይገምትም ነበር።

ጡረተኛው፦ እሺ፣ ቆጠራውም ይምጣ፣ ምዝገባውም ይጠናከር። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሪፖርቱ ላይ «60 እና ከዚያ በላይ» ብላችሁ ሁላችንን አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቱን። እኔ 64 ነኝ፣ ማታ ማታ አሁንም አስጠናለሁ። እናቴ 88 ናት፣ ከአልጋ አትወርድም። እኔ የሚያስፈልገኝ ሥራ ነው፤ እሷ የሚያስፈልጋት አስታማሚ ነው። አሁን ያለው አስታማሚ እኔ ነኝ።