ሚቴንና ጥቀርሻ በምን ይለኩ? የ100 ዓመቱ ስሌት ይቆይ ወይስ ይቀየር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኼ ነው። አገሮች ምድርን የሚያሞቀውን የሚቴን ጋዝ ልቀታቸውን ወደ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» ቀይረው ሲያሳውቁ ስሌቱ የ100 ዓመት ነው፤ አንድ ቶን ሚቴን በ100 ዓመት ውስጥ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ እንደሚያሞቅ ይታይና ቶኑ በዚያ ይባዛል። ሚቴን ግን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። ጥቀርሻማ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ነው። ታዲያ ስሌቱ ይቀጥል ወይስ ይቀየር? አቋማችሁን ከነምክንያቱ አስቀምጡ።

ሄኖክ፦ ይቀየር! በዓመት 100 ቶን ሚቴን የሚያፈስ አንድ የጋዝ ቧንቧ እንውሰድ። በ100 ዓመቱ ስሌት በ28 ይባዛል፤ 2,800 ቶን ይወጣዋል። በ20 ዓመቱ ግን ማባዣው ከ80 በላይ ነው፤ ከ8,000 ቶን ያልፋል። ቧንቧው ያው፣ ጋዙም ያው። የሚያስጨንቀን የቅርብ ዓመታት ሙቀት ሆኖ ሳለ ለምንድነው በትንሹ ቁጥር የምንለካው? የኒውዮርክ ግዛት እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ በ20 ዓመት መቁጠር ጀምሯል።

ማርታ፦ ሄኖክዬ፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ መደምደሚያህ ግን አልተዋጠልኝም። 20 ዓመትም ቢሆን ሰው የመረጠው ነው። የአየር ንብረት ሳይንስን የሚገመግመው የተባበሩት መንግሥታት አካል አይፒሲሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ሪፖርቱ 20፣ 100 እና 500 ዓመት ብሎ ሦስቱንም አስቀመጠ። በኋላ አገሮች ልቀት ለመቀነስ በተስማሙበት የኪዮቶ ስምምነት 100ው ተወሰደ። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ማባዣው 80 ሲሆን አንድ ድርጅት ትንሽ ሚቴን ይቀንስና በዚያ ሒሳብ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁን ይቀጥላል። ሚቴን ከታች እንደተበሳ በርሜል ነው፤ መቅዳት ስታቆም ይጎድላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ በርሜል ቀዳዳ ግን በጣም ጠባብ ነው። ዛሬ ከገባው ጉልህ ክፍል ለመቶዎች ዓመታት እዚያው ነው።

ዮናስ፦ እንዲህ ከሆነማ ሁለቱንም እንተዋቸው። የኦክስፎርዱ የአየር ንብረት ተመራማሪ ማይልስ አለንና ባልደረቦቹ ያመጡት «ጂደብሊውፒ ስታር» የሚባል ስሌት አለ። ዋናው ጥያቄው «ዘንድሮ ስንት ቶን ለቀቅክ?» ብቻ ሳይሆን «ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው ጨመርክ ወይስ ቀነስክ?» የሚል ነው። ሚቴን ባለበት ከረገጠ የሚጨምረው ሙቀት ትንሽ ነው። የምድርን ሙቀት በትክክል የሚከተለው ይኼ ነው።

ሰላማዊት፦ ዮናስ፣ እስቲ ስሌቱን በሁለት ከብት አርቢዎች እንሞክረው፤ ከብቶች ሚቴን ይለቃሉና። አንዱ በዓመት 1,000 ቶን ሚቴን ይለቅ ነበር፤ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 900 አወረደው። ሌላው ከ10 ቶን ወደ 20 ከፍ አለ። በአንተ ስሌት 900 ቶን የሚለቀው ሰውዬ ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው! «አቀዘቀዝኩ» ይላል። 20 ቶን የሚለቀው ትንሹ ደግሞ በ100 ዓመቱ ስሌት ከሚመጣበት ከእጥፍ በላይ ይጻፍበታል። ድሮ ብዙ የለቀቀ ይሸለማል፣ አሁን የጀመረ ይቀጣል። ይኼ ፍትሕ ነው?

ዮናስ፦ ለእያንዳንዱ አርቢ ከተጠቀምንበት ልክ ነሽ፣ ኢፍትሐዊ ይሆናል። ለዓለም ድምር ግን አሁንም ከሱ የተሻለ አላየሁም። «ማን ይክፈል» ሌላ ጥያቄ ነው።

ሰላማዊት፦ ሌላ ጥያቄ አይደለም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ክፍያ የሚወሰነው በሱው ነው።

ጋሽ በድሉ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ሚቴን ላይ ተተከላችሁ። ጥቀርሻውስ? ለሱ አንድ ማባዣ ማውጣት ከባድ ነው። በረዶ ላይ ሲያርፍ በረዶውን ያጠቁረዋል፣ ማቅለጡን ያፋጥናል። ሌላ ቦታ የወደቀው ያንን አያደርግም። ደግሞ ብቻውን አይወጣም። ከዚያው እሳት የፀሐይን ብርሃን መልሰው የሚያቀዘቅዙ ብናኞችም ይወጣሉ። የመርከቦችን ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 በነዳጃቸው ውስጥ ያለው ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 እንዲወርድ ተደረገ። ለሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ከሰልፈሩ የሚወጡት አቀዝቃዥ ብናኞች ሙቀቱን በከፊል ሸፍነውት ነበርና ሽፋኑ ሳሳ። ታዲያ ይኼን በካርቦን አቻ ብንጽፈው አየር ያጸዳ ሰው ጥፋተኛ ሊባል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአየር ብክለት በዓመት 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለ ዕድሜው ይቀጥፋል። ይኼ በየትኛው ማባዣ ይገባል? እኔ ጥቀርሻ በራሱ ቶን ይመዝገብ ባይ ነኝ።

ማርታ፦ ጋሽ በድሉ፣ የእርስዎ ሐሳብ ለሚቴንም ይሠራል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጓ ከከብትና ከቆሻሻ የሚወጣውን ሚቴን ከሌሎቹ ጋዞች ለይታ የራሱን ግብ ሰጠችው። እያንዳንዱ ጋዝ በራሱ ቶን፣ በራሱ ግብ ይሂድ። እዚህ ላይ ወደኋላ አልልም።

ሄኖክ፦ በቶን መመዝገቡን እስማማለሁ። ግን በጀት የሚመድበው ሰው ፊት ሁለት ሥራ አለ እንበል፦ ቧንቧውን መጠገን ወይም የድንጋይ ከሰል ምድጃውን መቀየር። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ያለ ማባዣ በምን ያወዳድራቸው?

ማርታ፦ የ20ውንም የ100ውንም ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጥ። በሁለቱም ከበለጠ ይጠገን፣ አለቀ። በአንዱ ብቻ ከበለጠ ለቅርቡ ወይስ ለሩቁ ሙቀት ቅድሚያ እንደሰጠ በግልጽ ይጻፍና ይፈርምበት።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ለበጀቱ ይሁን። ለቅጣትስ? ሕግ ሁለት ቁጥር ይዞ አይቀጣም። እኔ አሁንም የ20ው ይሁን እላለሁ። ሰላማዊት፣ አንቺስ?