የ2000 ሙስታንግ ጂቲ፦ ማኒፎልዱ ሳይሰነጠቅ፣ ስሞግም ሳልወድቅ

ጥያቄ (ሎስ አንጀለስ)
ሰላም ወገኖች። የ2000 ሙስታንግ ጂቲ፣ 4.6 ሊትር ቪ8 ገዛሁ። ንጹህ ናት። ግን የፕላስቲክ ኢንቴክ ማኒፎልዷ (አየር ለሞተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ከፊት በኩል ይሰነጠቃል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሳይፈነዳ ልቀይረው? አንዱ ጓደኛዬ «የውድድር ማኒፎልድ ግጠምላትና ተገላገል» ይለኛል። ዘንድሮ ስሞግ (የካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ) አለብኝ። ባለቤቴ ደግሞ የመኪናዋን ወጪ በደብተር ነው የምትመዘግበው።

መልስ
ቀይረው፣ አትጠብቅ። ጣጣው ያለው የሞቀው ውሃ ከሁለቱ ሄዶች (የሞተሩ የላይ ክዳኖች) ወደ ቴርሞስታቱ የሚሻገርበት ፕላስቲክ ላይ ነው። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይደክምና ይሰነጠቃል። ውሃው ዲናሞው ላይ ይንጠባጠባል፣ የካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። የፊት መሻገሪያው አሉሚኒየም የሆነውን ግዛ። የፋብሪካው ዓይነት ምትክ ስለሆነ ከስሞግ አያጣላህም። ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን። ብሎኖቹን በመመሪያው ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው)፣ ቀስ እያልክ እሰር። ፕላስቲክ ጉልበተኛ አይወድም።

ሌላ መልስ
የጓደኛህን ምክር ተወው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሠራሩ የተለወጠ ማኒፎልድ የካርብ (የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ) የፈቃድ ቁጥር፣ ማለትም ኢኦ፣ ከሌለው፣ ጭስህ ንጹህ ቢሆንም በዓይን ምርመራው ይጥሉሃል።

ጠያቂው
ገባኝ። ታዲያ ቅዳሜ ሠርቼ ሰኞ ስሞግ ልውሰዳት?

መልስ
ኧረ ተረጋጋ! ባትሪ ከነቀልክ ኮምፒውተሯ የጭስ መቆጣጠሪያዎቹን የምትፈትሽበትን የራሷን ፍተሻ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ከ2000 ወዲህ ባሉ የቤንዚን መኪኖች ስሞግ ላይ ሳያልቅ የሚታለፈው የነዳጅ ትነቱ ፍተሻ ብቻ ነው። ሳምንቱን ከተማም ፍሪዌይም ንዳት። በኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) ፍተሻው ማለቁን አይተህ ሂድ።