አባባን ይዤ ኮርቤት ልሄድ ነው፤ ታይገር እናይ ይሆን?

የጎባዋ፦
ሰላም ዴልሂና አካባቢዋ ያላችሁ። አባባን ለሕክምና ይዣቸው መጥቼ ነበር፤ ተመስገን ጨርሰናል። ሐኪሙም መንገድ ፈቅዶላቸዋል። ታኅሣሥ መጨረሻ ከመመለሳችን በፊት ትርፍ ሦስት ቀን አለን። ታጅ ማሃል እንሂድ ስላቸው «ሕንጻ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ባሌ ተራራ ሥር ነው ያደጉት፤ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ሲያዩ ኖረዋል። አሁን ታይገር ሳላይ አልመለስም ብለው ድርቅ ብለዋል። ጂም ኮርቤት ፓርክ ዲካላ የሚባለው ክፍል ይሻላል ወይስ ሌላ?

ቤቲ ኖይዳ፦
እህቴ ለምን ትደክሚያለሽ? እዚሁ ዴልሂ ፑራና ቂላ አጠገብ ያለው መካነ አራዊት ነጭ ታይገር ሳይቀር አለው። አይታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ በጊዜ ቤት።

የጎባዋ፦
ነገርኳቸው። «የታሰረ አውሬ አላይም» ነው መልሱ።

የደኑ ልጅ፦
አባትሽ ተመችተውኛል። እኔ ደህራዱን ደን ሳይንስ ነው የምማረው፤ ኮርቤትን በደንብ አውቀዋለሁ። የ2022 ቆጠራ ኮርቤት ውስጥ 260 ታይገር አግኝቷል፤ ከሕንድ የታይገር ጥብቅ ቦታዎች ሁሉ አንደኛ ነው። ቢሆንም ሳያይ የሚወጣው ብዙ ነው። ሳል የሚሉት ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት ነው፣ ሣሩም ዝሆን ይደብቃል።

ዲካላ ያምራል። ግን በጂፕ የሚገባው እዚያው የሚያድር ሰው ነው፤ አልጋው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ለቀን ብቻ ከሆነ ካንተር በሚሉት ክፍት አውቶቡስ ነው የሚያስገቧችሁ። ከበሩ እስከ ዲካላ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከሕክምና ለወጣ ሰው አልመክርም። ቢጅራኒ የሚባለውን የፓርኩን ክፍል ያዢ። በሩ ከራምናጋር ከተማ አፍንጫ ሥር ነው፣ ጂፕሲ በምትባለው ክፍት መኪና ከአስጎብኚ ጋር ትገባላችሁ። ከዴልሂ ራምናጋር በመኪና ግማሽ ቀን ያህል ነው። ፈቃዱን ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ቁረጪ፤ ስሙን አስመስለው የሚያስከፍሉ ሞልተዋል። ዋናው ፓስፖርት እንዳይረሳ፣ በር ላይ ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የጠዋቱን ጉብኝት ይወዳል። ታኅሣሥ ላይ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ክፍት መኪና ላይ መቀመጥ ቀልድ አይደለም፤ ጭጋጉም አያሳይም። ለአባባ ከሰዓት በኋላው ይሻላል፣ ጋቢም ያዙ።

ዋናው ነገር ጆሮ ነው፤ ታይገር ሲቃረብ ሌሎቹ እንስሳት በጩኸት ይጠቋቆማሉ። አስጎብኚው ሞተር ሲያስጠፋ አታውሩ። ቺታል የምትባለው ነጠብጣቧ አጋዘን በትንሽ በትልቁ ትጮኻለች። ላንጉር ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆኖ ሲያስል ይሻላል፣ ከላይ ሆኖ ያያላ። ሳምባር፣ ያ ግዙፉ አጋዘን፣ መጮህ ከጀመረ ግን ዝም ብሎ አይደለም። እዚያው ቁሙ። ሾፌሮች ትዕግሥት ያጡና ሌላው መኪና ወደሄደበት ይሮጣሉ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አባትሽ የባሌ ሰው ስለሆኑ ይሄ አይከብዳቸውም።

የጎባዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ክፍት መኪና ስትል ግን ደነገጥኩ። ዘሎ ቢገባስ?

የደኑ ልጅ፦
መኪናውን ለምዶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብሎም አያያችሁ። ብቻ ከመኪና መውረድ ፈጽሞ ክልክል ነው። አባባ «ኮቴውን ቀረብ ብዬ ልይ» እንዳይሉ ጠብቂያቸው።

ሙሌ ዴልሂ፦
እኔ ከጓደኞቼ ጋር ዲካላ አድሬያለሁ። ታይገር በዓይኔ አላየሁም፤ አልተቆጨሁም። ሚያዝያ መጨረሻ ነበር፣ ዝሆኖቹ ሜዳው ላይ ከነግልገሎቻቸው ነበሩ፤ ራምጋንጋ ወንዝ ዳር አፈ ቀጭኑን ጋርያል አዞ አየን። ሥጋና መጠጥ ግን ክልክል ነው፣ ቀድማችሁ ዕወቁት። ምግቡ የጾም ይመስልሻል፣ ቅቤና እርጎው ግን አለ።

በነገራችን ላይ፣ አባባ ታሪክ ከወደዱ ራምናጋር አቅራቢያ ካላዱንጊ የጂም ኮርቤት ቤት ሙዚየም ሆኗል። ሰው በላ ታይገሮችን ሲያድን የኖረ፣ በኋላ ጠባቂያቸው የሆነ ሰውዬ ነው፤ የሞተው ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒየሪ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲቋቋም በአንድ እንግሊዛዊ ገዥ ስም ሄይሊ ይባል ነበር፤ የኮርቤትን ስም ያገኘው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የጎባዋ፦
ቢጅራኒ ከሰዓት በኋላ ቦታ አግኝቻለሁ። ጋቢውም አለ፣ ሆስፒታል የለበሱት። ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ እንግሊዝኛ ትንሽ የሚሞክር የራምናጋር ሾፌር የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።