አስቸኳይ፦ የግራ ታክሌ ተጎድቷል፣ ከደመወዝ ጣሪያው 11 ሚሊዮን አልፌያለሁ፣ ድራፍቱ ነገ ማታ ነው

ዘብ 72 (ጠያቂ)
ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር በኮምፒውተር በምንጫወተው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የግራ ታክሌ (ኳርተርባኩን ከዳር የሚከላከለው) ጉልበቱ ተጎድቶ ወቅቱ አልፎበታል። ኳሱን ከመሃል የሚያቀብለው የሴንተሬ ውል አልቋል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባኬ ባለፈው ወቅት ኳሱን እንደያዘ ሲጣል ነው የከረመው። በዚህ ላይ ለአንድ ቡድን ከተፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ 11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነኝ፤ ነገ ማታ ድራፍቱ (አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ የሚመረጡበት) ሲከፈት ከጣሪያው በላይ የተገኘ ሰው የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። አንዱ ጓደኛችን የዘንድሮውን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር፣ በተጨማሪም የሚመጣውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ከሰጠሁት ምርጥ የግራ ታክሉን ሊለቅልኝ ተስማምቷል። ልቀበለው?

ከአዳማ
ርዕሱን አይቼ ስለ እኛው እግር ኳስ መስሎኝ ገባሁ። የግራ ተመላላሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ጎረምሳ ከሰፈራችን እልክልህ ነበር፤ ጣሪያም አያስፈልገውም። በርታ ወንድሜ።

ሒሳብ ሹሙ
ዘብ 72፣ ዋናውን ነገር ሳትነግረን መልስ ጠየቅህ። የተጎዳው ታክል ዕድሜው ስንት ነው? ውሉ ስንት ዓመት ይቀረዋል? ዘንድሮ በጣሪያው ላይ ከሚቆጠርለት ገንዘብ ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ ሲፈርም ከተከፈለውና በውሉ ዓመታት ላይ ከሚከፋፈለው የፊርማ ገንዘብ ነው? ደመወዙ ዋስትና አለው ወይ? ምርጫዎችህ ስንተኛ ናቸው? እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥህ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ፀሐይ ዘዴንቨር
የተጎዳውን አሰናብተው፤ ግን «ከጁን 1 በኋላ» ብለህ መዝግበው። ችግርህ በአንድ ጊዜ ተፈታ።

አንጋፋው
ልጄ፣ አትቸኩል። የደመወዝ ጣሪያ በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። ይህን ያህል ቢያድግም ሁሉንም የሚበቃ ገንዘብ ኖሮት የሚያውቅ ቡድን የለም። የማጥቃት መስመር፣ ኳርተርባኩን የሚከላከሉት አምስቱ፣ በአንድ ሌሊት አይገነባም። ዳላስን ተመልከት፦ በ2011 ታይረን ስሚዝን በዘጠነኛ ምርጫ፣ በ2013 ትራቪስ ፍሬድሪክን በ31ኛ፣ በ2014 ዛክ ማርቲንን በ16ኛ ወሰዱ። ሦስቱም የመጀመሪያ ዙር ናቸው፣ ሦስቱም በየተራ ነው የመጡት። ፍሬድሪክን ሲወስዱ «ለሴንተር የመጀመሪያ ዙር ይባክናል?» ያሉ ብዙ ነበሩ። የዛሬ ወጣቶች ግን ሁሉንም ነገ ማታ ማግኘት ትፈልጋላችሁ። ድራፍትን እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ ሥራ ያዘው።

ዘብ 72
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ግን እኔ ያለኝ እስከ ነገ ማታ ብቻ ነው። ሒሳብ ሹሙ፦ ታክሉ 33 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮን ጨምሮ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ዘንድሮ 24 ሚሊዮን ይቆጠርበታል፤ 15ቱ ደመወዝ፣ 9ኙ የፊርማ ገንዘብ ነው፤ ለሚመጣው ዓመትም ሌላ 9 አለ። ዋስትና የለውም። ምርጫዎቼ 22ኛ፣ 54ኛ፣ አንድ አራተኛ ዙርና ሁለት ስድስተኛ ዙር ናቸው። ሦስተኛ ዙሬን አምና ሰጥቻለሁ። ጨዋታው የእውነተኛውን ሊግ የ2025 ደንብ ነው የሚከተለው።

የፊላደልፊያው
ጥያቄህን ራሱን እቃወማለሁ። አንተ «ምርጥ የግራ ታክል» ፍለጋ ላይ ነህ። አጥር የሚደፈረው በደካማው በኩል ነው፤ ሴንተር የሌለው መስመር ላይ የዓለም አንደኛ ታክል ብታቆም ኳርተርባክህ በመሃል ይመታል። የእኛ ቡድን በየካቲት 2025 በፍጻሜው ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 ሲያሸንፍ መስመሩ ላይ የነበሩትን አስታውስ። ጆርዳን ማይላታ በ2018 በሰባተኛ ዙር 233ኛ ሆኖ የተወሰደ፣ ከዚያ በፊት ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ የአውስትራሊያ ራግቢ ተጫዋች ነው። ላንደን ዲከርሰንና ካም ጀርገንስ የሁለተኛ ዙር ናቸው። መካይ ቤክተን በ2020 በኒው ዮርክ ጄትስ 11ኛ ሆኖ ተመርጦ ያልተሳካለት ታክል ነበር፤ ለአንድ ዓመት በርካሽ አምጥተው የቀኝ ጋርድ (በሴንተሩና በታክሉ መካከል የሚቆም) አደረጉት። ከአምስቱ መካከል ፊላደልፊያ ራሷ በመጀመሪያ ዙር የመረጠችው ሌን ጆንሰን ብቻ ነው፣ በ2013 አራተኛ። በመሃል ለዓመታት የቆመው ጄሰን ኬልሲም በ2011 የስድስተኛ ዙር ምርጫ ነበር። ሦስት ትልልቅ ምርጫ ለአንድ ሰው መስጠት ለእኔ እብደት ነው።

ዘብ 72
ፊላደልፊያ ጄፍ ስታውትላንድ የሚባል የመስመር አሰልጣኝ ነበራት። ጨዋታው ውስጥ ራግቢ ተጫዋች ወደ ታክል የሚቀይር አሰልጣኝ የለኝም!

ተመልካች
ኳርተርባክህ ኳሱን ስንት ሴኮንድ ይዞ ነው የሚቆመው? ሁሉንም ውድቀት በመስመሩ ላይ አትጫን። የሲንሲናቲው ኳርተርባክ ጆ በሮው በጥር 2022 ቴኔሲ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተጥሎም ቡድኑ 19 ለ16 አሸንፏል። ሲንሲናቲ በ2021 በአምስተኛ ምርጫ ታክሉን ፔናይ ስዌልን ትታ ኳስ ተቀባዩን ጃማር ቼስን ወሰደች፣ እስከ ፍጻሜውም ደረሰች።

እመቤት ዘዳላስ
ተመልካች፣ ታሪኩን በግማሹ ነው የነገርከን። ያው በሮው ከሁለት ጨዋታ በኋላ በፍጻሜው ሰባት ጊዜ ተጥሎ 23 ለ20 ተሸነፈ። ስዌል ደግሞ በሰባተኛ ምርጫ ዲትሮይት ሄዶ ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ሆነ። ቼስ ድንቅ ተጫዋች ነው፣ ምርጫውን ስህተት ነው አልልም፤ ግን መስመር አያስፈልግም የሚል ማስረጃ ከዚህ አይወጣም።

ሰሎሞን ዘአትላንታ
ታክሉን ከጁን 1 በኋላ ብለህ አሰናብተው። 15 ሚሊዮን ታተርፋለህ፣ 11 ብቻ ነው የጎደለህ። ለምን ትጨነቃለህ?

ሒሳብ ሹሙ
ይህ ምክር ሁለተኛ ጊዜ ስለተሰጠ በደንብ ላስረዳ፣ ዘብ 72ን ነገ ማታ ምርጫውን የሚያስቀማው እሱ ነው። «ከጁን 1 በኋላ» ተብሎ የተሰናበተ ተጫዋች ገንዘቡ የሚለቀቀው ጁን 2 ነው። እስከዚያ ሙሉው 24 ሚሊዮን ጣሪያህ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ድራፍቱ ደግሞ ኤፕሪል ላይ ነው። ያለዚህ ምዝገባ ዛሬ ብታሰናብተው የዘንድሮው 9 እና የሚመጣው ዓመት 9 በአንድ ላይ ዘንድሮ ይወድቁብሃል፤ 18 ሚሊዮን የሞተ ገንዘብ (በሌለ ተጫዋች ስም የሚቆጠር) ይዘህ የምታተርፈው 6 ብቻ ነው።

ደግሞም አንድ ነገር ማንም አልጠየቀህም። ያ ጓደኛህ ሊሰጥህ ያሰበው ታክል ደመወዙ ስንት ነው? በዝውውር የፊርማው ገንዘብ ከሰጪው ቡድን ጋር ይቀራል፣ ደመወዙ ግን ካንተ ጋር ይመጣል።

ዘብ 72
20 ሚሊዮን ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሒሳብ ሹሙ
እንግዲያው ከጣሪያው በላይ 31 ሚሊዮን ትሆናለህ። ዝውውሩ ለነገ አይሆንም፣ ተወው። ሌሎቹ የመስመር ተጫዋቾችህ እነማን ናቸው? ወጣት ሆኖ ረጅም ውል ያለው አለ?

ዘብ 72
የቀኝ ጋርዴ 26 ዓመቱ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ዘንድሮን ጨምሮ አራት ዓመት ውል አለው፣ የዘንድሮ ደመወዙ 16 ሚሊዮን።

አዲስ አባል
ሴንተሩን በፍራንቻይዝ ታግ (ውሉ ያለቀን ተጫዋች በደንቡ ዋጋ ለአንድ ዓመት ማቆያ) ብታቆየውስ?

እመቤት ዘዳላስ
አዲስ አባል፣ የታግ ጊዜ ማርች ላይ አልፏል። ባያልፍም አይመከርም። ደንቡ ታክልን፣ ጋርድንና ሴንተርን በአንድ ዋጋ ነው የሚመድባቸው፤ ዋጋውን የሚያስወድዱት ታክሎቹ ናቸው። ካንሳስ ሲቲ በ2025 ትሬይ ስሚዝን በታግ ስትይዝ ለአንድ ጋርድ ከ23 ሚሊዮን በላይ ነው የተቆጠረባት። ብዙም ሳይቆይ ሌላውን ጋርድ ጆ ቱኒን ለቺካጎ ሰጠች። አንዱን ስትይዝ ሌላው ይወጣል፣ ወንድሜ።

ሒሳብ ሹሙ
ዘብ 72፣ መፍትሔው ጋርድህ ነው። ከ16ቱ 14 ሚሊዮን ደመወዙን ወደ ፊርማ ገንዘብ ለውጥ። በአራት ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ 3.5 ይሆናል፤ ዘንድሮ 10.5 ታተርፋለህ፣ ግማሽ ሚሊዮን ይጎድልሃል። በውሉ መጨረሻ አንድ ባዶ ዓመት (ተጫዋቹ የማይጫወትበት፣ ሒሳብ ለማካፈል ብቻ የሚገባ) ጨምር፤ ለአምስት ሲካፈል 2.8 ይሆናል፣ 11.2 ታተርፋለህ። ከጣሪያው በታች ገባህ። ከአምስት ዓመት በላይ ማካፈል አይፈቀድም። ዕዳም ነው፦ ውሉ ሲያልቅ የመጨረሻው 2.8 በሌለ ተጫዋች ስም ይቆጠርብሃል። ለ26 ዓመት ጋርድ ግን እኔ እቀበለዋለሁ፤ ለ33 ዓመት ታክል ፈጽሞ አላደርገውም። ታክሉን ከዚያ በኋላ በጁን 1 ምዝገባ አሰናብተው። ጁን 2 የሚለቀቀው 15 ሚሊዮን አዳዲሶቹን ለማስፈረም ይሆንሃል፤ የሚመጣው ዓመት 9 ሚሊዮን የሞተ ገንዘብ እንዳለብህ ግን አትርሳ።

አንጋፋው
ዕዳን ወደፊት መግፋት ብዙ ቡድን አጥፍቷል። እኔ አልስማማም። ታክሉን ዛሬ አሰናብቶ 6 ሚሊዮን ይያዝ፣ የቀረውን 5 ከተቀያሪዎች ይልቀም። የሚመጣው ዓመት ንጹሕ ይሆንለታል።

ሒሳብ ሹሙ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ 5 ሚሊዮን ከተቀያሪዎች መልቀም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በዚህ ወቅት ጣሪያ ላይ የሚቆጠሩት 51ዱ ውድ ውሎች ብቻ ናቸው። አንድ ተቀያሪ ስታወጣ 52ኛው ወደ ቦታው ይገባል፣ የምታተርፈው ልዩነቱን ብቻ ነው። ስድስትና ሰባት ሰው ማባረር ሊኖርበት ነው።

አንጋፋው
ይህስ እውነት ነው።

የፊላደልፊያው
አሁን ስለ ምርጫዎቹ እናውራ፤ ገንዘቡ ተፈትቷል። በ22ኛ ታክል፣ በ54ኛ ሴንተር። የካንሳስ ሲቲን 2021 ተመልከት። በየካቲት ፍጻሜ ሁለቱም ታክሎቻቸው ተጎድተው ቀርተው በታምፓ ቤይ 31 ለ9 ተሸነፉ። በዚያው ጸደይ መስመሩን በሙሉ ቀየሩ። ለታክሉ ኦርላንዶ ብራውን የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ሰጡ፣ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። ሴንተሩን ክሪድ ሃምፍሪን በሁለተኛ ዙር 63ኛ፣ ትሬይ ስሚዝን በስድስተኛ ዙር 226ኛ ወሰዱ፣ የቆዩት እነዚህ ናቸው። የስድስተኛ ዙር ምርጫዎችህን ለጋርድና ለታክል አውላቸው፤ ኮሌጅ ውስጥ ታክል የነበረ ልጅ ክንዱ ቢያጥርም ጋርድ ሊሆን ይችላል።

ተመልካች
በ22ኛ ላይ ጥሩ ታክል ካልተረፈስ? ሰው ስለፈለገ ብቻ ታክል አይበቅልም። ያን ጊዜ ሴንተሩን በ22ኛ ይውሰድ እንጂ ደካማ ታክል አይግዛ።

የፊላደልፊያው
በዚህ እስማማለሁ።

ከአዳማ
እኔ አሁንም አላየሁትም፣ ጎል የሚያገባው ማን ነው?

ዘብ 72
የጋርዱን ውል አሁን ልለውጥ ነው። ጨዋታው ባዶ ዓመት የሚቀበል ከሆነ እነግራችኋለሁ።

ሒሳብ ሹሙ
ካልተቀበለህ በአራት ዓመት አካፍለውና የጎደለውን 500 ሺህ ከአንድ ተቀያሪ አውጣ፤ ለዚያ ያህል አንድ ሰው ይበቃል።

እመቤት ዘዳላስ
አንድ ነገር ልጨምር። በ22ኛ ታክል ብትወስድም ልጁ በመጀመሪያው ወር ብቻውን የግራውን ጎን እንዲይዝ አትተወው። በርካሽ የሚፈርም አንጋፋ ታክል ያስፈልግሃል፤ ግን ከድራፍቱ በፊት አታስፈርም። ነጻ ተጫዋች ቀድመህ ካስፈረምህ ለሄደብህ ሴንተር በሚመጣው ዓመት የሚሰጥህን የማካካሻ ምርጫ ሊሰርዝብህ ይችላል። ከድራፍቱ በኋላ የሚመጣው ሰኞ ካለፈ ግን አይቆጠርም፤ በዚያን ጊዜ ያልተፈለጉ አንጋፋ ታክሎች ዋጋቸውም ይወርዳል። ያንን ሰኞ ጠብቅ።