የመኪናዬ ኢንስፔክሽን አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። መኪናዬ አሮጌ ናት፣ 12 ዓመቷ ነው። ዓመታዊ ኢንስፔክሽኗ ከአምስት ሳምንት በኋላ ይደርሳል። ሥራ የምገባው ሳይነጋ ስለሆነ ያለ እሷ መንቀሳቀስ አልችልም። አንዷ ባልደረባዬ «አስቀድመሽ ጋራዥ አስገቢና ሙሉ በሙሉ አሠሪያት» ትለኛለች፤ ሌላው ደግሞ «ዝም ብለሽ ውሰጃት፣ የጣሏትን ነገር ብቻ ታሠሪያለሽ» ይላል። ዳሽቦርዷ ላይ የሞተር ችግር የሚጠቁመው የቼክ ኢንጂን መብራቷም አልፎ አልፎ ይበራል። ከባትሪ ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ይጠፋል የሚሉኝ አሉ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ

እህቴ፣ ብዙ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሁለቱም ምክር ላላስፈላጊ ወጪ ይዳርግሻል። መኪናዋን ሳያዩ «ሙሉ በሙሉ አሠሪ» ማለት ጤነኛውንም ዕቃ ማስቀየር ነው። ዝም ብለሽ ከወሰድሻት ደግሞ ስትወድቅ ቀኑ ያጣድፍሻል፣ የተጠየቅሽውን ትከፍያለሽ። አምስት ሳምንት በቂ ነው። እኔ ሲወድቁ ያየኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ የወደቁት በተቃጠለ አምፑል፣ ባለቀ ጎማና በተበላ የፍሬን ሸራ ነው፤ ይህን ደግሞ አብዛኛውን ራስሽ ማየት ትችያለሽ።

ጊዜ የሚፈልገው እሱ ስለሆነ በቼክ ኢንጂኑ ጀምሪ። ባትሪውን አትንቀዪ! መብራቱ ይጠፋል፣ ግን የመኪናዋ ኮምፒውተር የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎቹን የሚፈትሽበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ባትሪ ሲነቀል ወይም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የችግር ኮድ ሲሰረዝ ያ ፍተሻ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ጭስ በሚለካበት ቦታ መርማሪው መሣሪያውን ሲሰካ ፍተሻው እንዳልተጠናቀቀ ወዲያው ያያል፣ መኪናዋንም ይመልሳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱን አስነብቢ። ማንበቢያው ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከስልክ ጋር የሚሠራም አለ። ኮዱን ጽፈሽ ያዢ። ኮድ ግን የችግሩን አካባቢ ነው የሚጠቁመው፤ «ይህን ዕቃ ቀይር» ማለት አይደለም። የነዳጅ ክዳን ሳይጠብቅ ቀርቶ የሚበራበት ጊዜ አለ። ከተሠራች በኋላ ሞተሯ ቀዝቅዞ እያደረ እያስነሳሽ፣ ከተማ ውስጥም አውራ ጎዳና ላይም ለጥቂት ቀናት ንጃት፤ ፍተሻው የሚጠናቀቀው እንዲህ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ሞተሩ በትክክል እያቃጠለ አይደለምና ጫና አታብዢባት፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ያበላሸዋል፣ እሱ ደግሞ ውድ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ጎማ። በብዙ አገር የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ በኢንች ለሚለኩት 2/32 ማለት ነው። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ አግድም የተሠሩ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ላስቲኩ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። እኔ ግን እስከዚያ ባትጠብቂ ደስ ይለኛል፤ ከ3 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ እርጥብ መንገድ ላይ መኪና ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረሽ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በእጅሽ ዳብሺ። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሽቦው የወጣ ጎማ ስንቴ አይቻለሁ። ጎኑ ላይ እብጠት ካለበት ጥርሱ አዲስም ቢሆን ይቀየር። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኪው፤ ትክክለኛው ቁጥር ያለው በሹፌሩ በር ክፈፍ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው።

ፍሬንን በተመለከተ፣ ሞተሩን አጥፍተሽ ፔዳሉን ደጋግመሽ እርገጪ፣ እስኪጠነክር። ከዚያ እግርሽን ሳታነሺ አስነሺ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ ይሠራል። እንደረገጥሽ ግማሽ ደቂቃ ቆዪ፣ ቀስ በቀስ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይት እየፈሰሰ ወይም እየሾለከ ነውና ሳትነጂ ለመካኒክ ደውዪ። የፍሬን ዘይት ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከወረደ ዝም ብለሽ አትሙዪ፤ ሸራው ሲበላም ዘይቱ ይወርዳል፣ ሞልተሽው ምልክቱን ትደብቂያለሽ።

መብራቶቹን ሲመሽ ከግድግዳ ፊት አቁመሽ ተመልከቻቸው፤ የኋላዎቹን ደግሞ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥተሽ። ፍሬቻ ከወትሮው ፈጥኖ ከመታ በዚያ በኩል አንድ አምፑል ተቃጥሏል። ሁሉም የሚረሳው የታርጋዋን መብራት ነው። የፊት አምፑል ስትቀይሪ ብርጭቆውን በባዶ እጅ አትንኪ፤ የጣትሽ ቅባት ሲሞቅ አምፑሉን ቶሎ ያቃጥለዋል።

ክላክሱን፣ የሁሉንም ወንበር ቀበቶ፣ ስፖኪዮዎቹን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ውኃውን በአሥር ደቂቃ ትጨርሻለሽ። የፊት መስታወቱ ስንጥቅ በሹፌሩ እይታ ፊት ከሆነ ሳይሰፋ አስጠግኚው። ከኋላ መመልከቻው መስታወት የተንጠለጠለ ነገር ካለም አውርጂው። የመንገድ እብጠት ስታልፊ ከሥር «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ግን ያ የራስሽ ሥራ አይደለም፤ ሊፍት ላይ ወጥታ በመካኒክ ትታይ።

ሌላ መልስ

ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የደረሰብኝን ልጨምር። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት መኪና ዳሽቦርድ ላይ የኤርባግ መብራት አይታይም ነበር፤ ጤነኛ መስሎኝ ነዳኋት። መርማሪው «ቁልፉን ስታዞሪ መብራቱ በርቶ ነው መጥፋት ያለበት፣ ያንቺ ከነጭራሹ አይበራም» ብሎ ጣለኝ። የሸጠልኝ ሰው ሆነ ብሎ አምፑሉን አውጥቶት ኖሯል። ልጄን ከጎኔ እያስቀመጥኩ ስነዳ የነበረው በማይሠራ ኤርባግ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን አዙሪና የኤርባጉ፣ የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የቼክ ኢንጂኑ መብራት መጀመሪያ መብራታቸውን እይ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት እንዳላችሁኝ አየኋት። የቀኝ ፍሬቻዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የኋላው አምፑል ተቃጥሏል። የፊት የግራ ጎማዋ ከውስጥ በኩል ልሙጥ ሆኗል፣ ከውጭ ግን አዲስ ነው የሚመስለው። ቼክ ኢንጂኗ የኦክስጅን ሴንሰር የሚል ኮድ ሰጠ። ጎማውን ልቀይርና አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ላሠራ ነው። ሌላ ምን አስከትል? ሴንሰሩንስ ገዝቼ ልምጣ?

መልስ

ጎበዝ እህቴ! ሴንሰሩን ገና አትግዢ። ሽቦው የተቆረጠ ወይም ሴንሰሩ አጠገብ የጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ ቀዳዳ ያለ እንደሆነም ያው ኮድ ይመጣል፤ መካኒኩ መጀመሪያ እነሱን ይይ። የጎማው ነገር ቅደም ተከተል አለው። ጎማን ከውስጥ ብቻ የሚበላው አላይመንት መዛባት ነው፣ አላይመንቱን የሚያዛባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረጀ የመሪ መገጣጠሚያ ወይም ጎሚኒ (በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለው ላስቲክ) ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ከሥር ልቅ የሆነ ነገር ካለ አሳየኝ» በይው። ካለ እሱ ይሠራ፣ ከዚያ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ይቀየሩ፣ አላይመንቱ መጨረሻ። ቀድመሽ አላይመንት ካሠራሽ መገጣጠሚያው ሲቀየር እንደገና ይዛባል።

ቀጠሮሽን ከማብቂያው ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጊ፣ ብትወድቅ እንኳ ለማሠሪያ ቀን እንዲተርፍሽ። በዕለቱ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ነድተሽ ሞተሯ ሞቆ ድረሺ፤ ካታላይዘር በደንብ የሚያጣራው ሲግል ነው። ከወደቀች የወደቀችበትን ምክንያት በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ወረቀቱንም ለሌላ ጋራዥ አሳይተሽ ዋጋ ጠይቂ። የኮዱን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።